አጭር «አዎ»፣ ረጅም «አይ»

«አንቺ ልጅ፣ ጣትሽ ከጭንቅላትሽ ቀድሞ ነው የተወለደው» አለኝ ጋሽ ጀማል፣ ሥራ በጀመርኩ በሦስተኛው ቀን፣ ደንበኛ ፊት።

አልተቀየምኩም። እውነቱን ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ውጤት ሳይመጣልኝ ሲቀር ቤት መቀመጥ ያልቻልኩትም ለዚሁ ነው። እናቴ «ይቺ ልጅ ወንበር ያቃጥላታል» ትላለች። ከዚራ ሰፈር ያለችው የጋሽ ጀማል ሱቅ ስገባ ለአንድ ወር ብዬ ነበር። አራት ዓመት ቆየሁ።

ጋሽ ጀማል በወጣትነቱ የታይፕ ማሽን ጠጋኝ ነበር። በድሬዳዋ ማሽን ያለበት መሥሪያ ቤት ሁሉ እሱን ያውቀዋል። ታይፕ ማሽን ሲቀር ወደ ኮምፒውተር ዞረ፤ ዞረ ስል ደግሞ ወደ ኪቦርዱ ማለቴ ነው፤ ሌላው ክፍል ብዙም አያስደስተውም ነበር። እኔ ስመጣ ኪቦርድ እንጠግናለን፣ ማመልከቻ እንጽፋለን፣ ኮፒ እናነሳለን። ኮምፒውተር ላይ ፕሮግራም መጫን፣ ማስተካከል፣ አንዱን ቁልፍ ሌላ ነገር እንዲጽፍ ማዘዝ፣ ያ የእኔ ሥራ ሆነ። ማንም አላስተማረኝም። እየነካካሁ፣ እያበላሸሁ ነው የለመድኩት።

አንድ ሕግ ነበረው። የተጠገነ ነገር ባለቤቱ ተቀምጦ ሳይጽፍበት ከሱቁ አይወጣም። አንድ ቀን የአንዲት ጸሐፊ ኪቦርድ ጠግኜ ሞከርኩትና «ደኅና ነው፣ ውሰጂው» አልኳት። ጋሽ ጀማል እጇን ይዞ አስቀመጣት። መጻፍ ስትጀምር የጠገንኩት ቁልፍ እንደተጫነ ቀረ።

«አየሽ?» አለኝ። «ያንቺ ጣት ዝንብ ነው፤ የሷ መዶሻ ነው። ማሽን የሚፈተነው በባለቤቱ ጣት ነው።»

«እሺ ጋሽ ጀማል።»

«እሺ አትበይኝ። ያዢው።»

ድሬ ላይ አንቱታ ብዙም የለም፤ ሽማግሌውንም አንተ ነው የምንለው፤ ሌላ አገር ያላችሁ እንዳትታዘቡኝ።

ሌላም ልማድ ነበረው። ሲሠራ ብሎኖቹን በከንፈሩ ይይዛል። ሦስት፣ አራት ብሎን። «ጋሽ ጀማል፣ ኮፒውን ልስጣቸው?» ስለው አፉን መክፈት ስለማይችል ትንፋሹን ወደ ውስጥ ሳብ ያደርጋታል። ያቺ ሁላችንም የምናውቃት ናት፤ ሳንናገር አዎ የምንልባት። የሱ ግን ብሎኑን እንዳይውጥ ተጠንቅቆ ስለሚስባት ቀጭን ፉጨት ነበራት። ብሎን በሌለበትም ቀን ፉጨቷ ቀርታበታለች። አራት ዓመት ሰምቻታለሁ።

ከዚያ ወደቀ። ጠዋት ሱቁን ሊከፍት ጎንበስ እንዳለ። ስትሮክ ነው አሉ፤ ግማሽ አካሉ ሄደ፣ ምላሱ ታሰረ። ከሦስት ወር በኋላ ሁለተኛው መጣና አንገቱንም ወሰደው። ራሱ ያለማቋረጥ ይወዛወዛል፤ ወደ ላይ ይሁን ወደ ጎን አይለይም። ጆሮው ይሰማል፣ ዓይኑ ያነባል፣ አእምሮው እንደ ድሮው ነው። የሚታዘዝለት ግን የግራ እጁ አውራ ጣት ብቻ ነበር።

ያኔ ነው ያቺን ትንሽ ኪቦርድ ያስታወስኩት። አራት ቁልፍ ብቻ ያላት፣ መዳፍ የምታክል። እያንዳንዱ ቁልፍ ምን እንዲል ራስህ የምታዝዛት ዓይነት ናት። አንድ ደንበኛ ለጥገና ትቷት ሳይመለስ ቀርቷል። ሦስቱን ቁልፍ ነቀልኳቸው፤ ጣቱ ከአንዱ ወደ ሌላው መሄድ አይችልም። አንዱን ተውኩለት። ሳቢያን ሰፈር ያለው ቤቱ ሄጄ እዚያ ካለው ትልቅ ኮምፒውተር ጋር አገናኘኋት። ቁልፉን ነክቶ ከለቀቀ ስክሪኑ ላይ ትልቅ አረንጓዴ «አዎ»። ተጭኖ ካቆየ ትልቅ ቀይ «አይ»። ለምን አይ ረጅሙ ሆነ ብትሉ፣ በሽተኛ ቀኑን ሙሉ የሚጠየቀው አዎ የሚባል ነገር ነው። ውሃ? አዎ። ላዙርህ? አዎ። ብዙ ጊዜ ለሚለው ትንሹን ድካም ሰጠሁት።

ችግሩ የጋሽ ጀማል አውራ ጣት አንዴ ከወረደች ለመነሣት ጊዜ ትፈልጋለች። አጭር ነው ብሎ የነካውን ኮምፒውተሩ ረጅም ብሎ ይቆጥርበታል። ከየት ጀምሮ ረጅም እንደሚባል የሚወስን ቁጥር አለ። ሁለት ቀን አጠገቡ ተቀምጬ ቁጥሩን ከፍ ሳደርግ፣ እሱ ሲጫን፣ ከፍ ሳደርግ፣ ሲጫን፣ ሺህ አምስት መቶ ላይ ገጠመ። አንድ ሰኮንድ ተኩል ማለት ነው።

ልጁ ሐናን ገባችና «አባ፣ ርቦሃል?» አለችው።

ስክሪኑ «አዎ» አለ።

ሐናን እዚያው በሩ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። ከኔ በስድስት ዓመት ትበልጣለች፤ ስታለቅስ አይቻት አላውቅም ነበር። አንገቴን አቅፋ «ወላሂ፣ አባቴን መለስሽልኝ» አለችኝ። ለአምስት ወር በዚያች ቁልፍ አወራን። እንኳን ርሃቡን ሊነግረን፣ የሚጠላው ሰው ዜና ላይ ሲቀርብ በ«አይ» ቴሌቪዥኑን ያስጠፋን ነበር።

ስኳር ነበረበት። ቀኝ እግሩ ተረከዝ ላይ የወጣችው ቁስል ለሳምንታት ደረቀች ሲሏት ታዣለች። ማክሰኞ ዕለት እግሩ ጠቁሮ አደረ። ሆስፒታል አስገቡት። ረቡዕ ጠዋት ሐናን ደወለች።

«መቅዲ፣ ቁልፉን ይዘሽልን ነይ። ዶክተሩ እሱን ራሱን መጠየቅ አለብኝ እያለ ነው።»

ትልቁ ኮምፒውተር ከቤት ተነቅሎ የሚሄድ አይደለም። የሐናን ባል አብዲ የመሥሪያ ቤቱን ላፕቶፕ አመጣ። የቤቱ ኮምፒውተር ዊንዶውስ ነው፤ የአብዲ ላፕቶፕ ሊኑክስ ሆኖ ተገኘ። ለማታውቁት፣ ሁለቱ እንደ ሁለት ቋንቋ ናቸው። ቁልፏ ያው ናት፣ የምትልከውም ያው ነው፤ ተቀብሎ አዎ ወይ አይ ብሎ የሚተረጉመው ግን ኮምፒውተሩ ነው። በአንዱ ላይ የሠራሁት በሌላው ላይ አይገባም። እንደ አዲስ መጻፍ ነበረብኝ።

በሽተኞቹ መሀል፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ አንድ ሰዓት ያህል ፈጀብኝ። ሙቀቱ፣ የመድኃኒቱ ሽታ፣ ከዚያ በላይ የእግሩ ሽታ። ጓደኛዬ ቀፊራ ገበያ እየጠበቀችኝ ነበር፤ ጫማ ልንገዛ። ሁለቴ ደውላለች። እንደጨረስኩ ቁልፏን ነካሁ፦ አዎ። ተጭኜ አቆየሁ፦ አይ። ነካሁ፦ አዎ። አሥር ጊዜ ያህል። አልሳተም።

«አባ ራሱ ይሞክረው እንዴ?» አለች ሐናን።

«ሞክሬዋለሁ» አልኳት።

ዕቃዬን ቦርሳዬ ውስጥ ስከት ዶክተሩ ገባ። ወጣት ነው፣ ከመሀል አገር የመጣ፣ በአንቱታ የሚያወራ። ላፕቶፑን ከአልጋው ግርጌ ጠረጴዛ ላይ አደረግኩና ስክሪኑን ወደ እሱ አዞርኩለት። ቤት ሁልጊዜ ወደ ጋሽ ጀማል ነበር የሚዞረው።

«አባቴ» አለ ዶክተሩ፣ «ቁስሉ ወደ ላይ እየወጣ ነው። ከቁርጭምጭሚትዎ በላይ ካልቆረጥነው መርዙ ደምዎ ውስጥ ይገባል። ከገባ እኛም የምንመልሰው ነገር አይደለም። እንዲቆረጥ ይስማማሉ?»

አውራ ጣቱ ወረደች። ትንፋሹን ሳብ አደረገ። ጣቱ ተነሣች።

አይ።

ሐናን እጇን አፏ ላይ አደረገች። «አባ፣ በአላህ። እግር እኮ ነው። እግር ይቅርብህ፣ አንተ ቅርልን። ትስማማለህ?»

አይ።

«የሚሉትን ያውቃሉ?» አለ ዶክተሩ ወደ እኛ ዞሮ።

«ከሁላችንም በላይ» አለ አብዲ። «ድሮም እንዲህ ነው የሚለው። ጎረቤታችን እግሩ ተቆርጦ፣ እግሩ ብቻውን የተቀበረ ጊዜ፣ እኔ ሁለቴ አልቀበርም ብሏል። እዚህ ያለነው ሁላችን ሰምተናል።»

እውነት ነው፣ ብሏል። እኔም ሰምቻለሁ። ሱቅ ውስጥ፣ እየሳቀ፣ ብሎን በአፉ ሳይዝ።

ጋሽ ጀማል ደግሞ ተጫነ። አይ። ደግሞ። አይ። ከዶክተሩ ጋር የገባችው ነርስ ጎንበስ ብላ በኦሮምኛ አንድ ሁለት ነገር አለችውና ቀና አለች። «ትንፋሹ እየተቆራረጠ ነው፤ ሳብ፣ ሳብ ያደርገዋል» አለች። ሄዳ የኦክስጅን ጭንብል አመጣችና ፊቱ ላይ አሰረችለት።

ክፍሉ ውስጥ ያለው ነገር ከበደኝ። ሲከብደኝ እቀልዳለሁ፤ ልማዴ ነው። «ጋሽ ጀማል» አልኩት፣ «እኔንስ ታውቀኛለህ?»

አይ።

አብዲ ሳቀ። ሐናንም እንባዋን እየጠረገች ሳቀች። «ሥራ ስለምታረፍጂ ነው» አለኝ አብዲ። «ካደሽ።»

እኔም ሳቅኩ። ከዚያ ወደ ቀፊራ ሄድኩ። ጫማውንም ገዛሁ።

ሐሙስ ጠዋት ስመጣ ዶክተሩ አልጋው አጠገብ ቆሟል። ጥቁረቱ ቁርጭምጭሚቱን አልፏል አለ። ለመጨረሻ ጊዜ ልጠይቃቸው፣ እምቢ ካሉ ቤተሰብ ይፈርምልኝ አለ። ጠየቀ።

ጋሽ ጀማል መጫን ጀመረ። አላቆመም። ጣቱ ትወርዳለች፣ ትቆያለች፣ ትነሣለች፣ ትወርዳለች። ስክሪኑ ላይ አይ፣ አይ፣ አይ፣ አይ እያለ ይደረደራል። እንባው በሁለቱም በኩል ወደ ጆሮው ይፈሳል። ጭንብሉ በጉም ይሸፈናል፣ ይገለጣል፣ ይሸፈናል። እንደዚያ ሲታገል አይቼው አላውቅም።

ሐናን እጁን ይዛ ከቁልፏ ላይ አነሣችው። «በቃ አባ። ገባን። አትድከም፤ አንቆርጥህም። ወላሂ ማንም አይነካህም።»

ዓይኑን ከሷ ላይ አነሣና እኔ ላይ አደረገ። ረጅም ጊዜ አየኝ። እኔ ደግሞ ምን አሰብኩ መሰላችሁ? ከሷ አስጥይኝ፣ ልሙት ተዉኝ፣ የሚለኝ መሰለኝ። «እሺ ጋሽ ጀማል» አልኩት። ዓይኑን ጨፈነ።

ሐናን ወረቀቱ ላይ ፈረመች። ብዕሩን የሰጠኋት እኔ ነኝ።

ዓርብ እኩለ ቀን ሊሆን ሲል ሐናን ቅያሪ ልብስና አንሶላ ከቤት እንዳመጣላት የቤቷን ቁልፍ ሰጠችኝ። አብዲ ለጁምዓ ወጥቷል። በባጃጅ ወደ ሳቢያን ሄድኩ። የደቻቱን ወንዝ ድልድይ እየተሻገርን ሳለ ባለባጃጁ ሳይዞር ጠየቀኝ።

«ሳቢያን ውስጥ ድረስ ነሽ?»

መለስኩለት። ትንሽ ሄደና ደግሞ ጠየቀኝ።

«አንቺን እኮ ነው። ውስጥ ድረስ ነሽ ወይስ አስፋልቱ ላይ ልጣልሽ?»

«አዎ አልኩህ እኮ።»

«መቼ? ምንም አልሰማሁም።»

«ብዬሃለሁ።»

በመስታወቱ አየኝ። «አቦ፣ ትንፋሽሽን ሳብ አድርገሽ ነዋ። እዚህ ጩኸት ውስጥ ትንፋሽ ማን ይሰማል? አፍሽን ክፈቺ።»

ልመልስለት ወደ ፊት ጠጋ አልኩ።

ፉጨቷ መጣችብኝ። ቀጭኗ። ረቡዕ ነርሷ «ሳብ፣ ሳብ ያደርገዋል» ያለቻት። ጣቱ በወረደች ቁጥር አብራ የምትመጣው። ትንፋሽ አጥሮት አልነበረም። አራት ዓመት ብሎን በከንፈሩ ይዞ ሲመልስልኝ የሰማኋት ናት። አዎ ነው ሲል የነበረው። ሁለት ቀን ሙሉ በአፉ አዎ እያለ፣ የእኔ ስክሪን አይ እያለበት።

«አዙር» አልኩት።

«ምን?»

«አዙር። ሆስፒታል መልሰኝ።»

«ሳቢያን ብለሽ...»

«አዙር አልኩህ።»

አዞረ። ሲሄድ የነበረው መንገድ ሲመለስ ሦስት እጥፍ ሆነ። ከባጃጁ ወርጄ በሩጫ ገባሁ። ሐናን አልጋው አጠገብ ቁርኣን እየቀራች ነበር፤ ያለ ልብሱ ስታየኝ ቆመች። አላናገርኳትም። ጎንበስ ብዬ ጆሮዬን ጭንብሉ ላይ አደረግኩ። ፊቱ በትኩሳት ይነዳል። ቁልፏን አልነካሁም።

«ጋሽ ጀማል። እኔ መቅደስ ነኝ?»

ቀጭን ፉጨት። የጭንብሉ ጉም ጠራ።

«ስምህ ከበደ ነው?»

ዝም።

«ሐናን ልጅህ ናት?»

ፉጨት።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አለች ሐናን ከኋላዬ።

ላፕቶፑን ከፈትኩ። የጻፍኩትን ፕሮግራም አወጣሁ። ቁጥሯን ፈለግኳት። ሁለት መቶ ትላለች። የሰኮንድ አንድ አምስተኛ። ፕሮግራሙ ለጤነኛ ጣት ብሎ ከራሱ የሚያስቀምጣት ናት፤ ለእኔ ዝንብ ጣት በቂ ነበረች። ለሱ በጭራሽ አትበቃውም። ቤት ሁለት ቀን ተቀምጬ ያገኘኋትን ሺህ አምስት መቶ ወደ አዲሱ ማሽን ማምጣት ረስቻለሁ። ሁለት ቀን ሙሉ፣ ምንም ቢጠየቅ፣ ከዚያ አልጋ ሊወጣ የሚችለው ቃል አይ ብቻ ነበር።

ቁጥሩን ቀየርኩ። ሁለቴ ተሳሳትኩ፤ አጥፍቼ ደግሜ ጻፍኩ። ስክሪኑን ወደ እሱ አዞርኩት።

«ጋሽ ጀማል፣ እግርህ እንዲቆረጥ ትፈልጋለህ?»

ጣቱ ወረደች። ቆየች። ተነሣች።

አዎ።

ሐናን ጠረጴዛውን ያዘች።

«አባ?» አለች። «እንዲቆርጡህ?»

አዎ። አዎ። አዎ።

ዞራ አየችኝ። ቁርኣኑን ትራሱ ላይ አስቀምጣ፣ ጫማዋን ሳታደርግ ወደ ዶክተሩ ሮጠች።

ዶክተሩ መጣ፣ አየ፣ አንሶላውን መልሶ ሸፈነው። ኮሪደር አውጥቶን ነው የነገረን። «ረቡዕ ቢሆን ከቁርጭምጭሚት በላይ ነበር። ዛሬ ከጉልበት በላይ ነው። ደማቸው ውስጥም ሳይገባ አልቀረም። እንሞክራለን» አለ። «ሐሳባቸውን ምን አስለወጣቸው?»

«አልለወጠም» አለች ሐናን።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሊወስዱት መጡ። አልጋው ሲንቀሳቀስ አጠገቡ ሄድኩ። «ጋሽ ጀማል» አልኩት፣ «ይቅር ትለኛለህ?» እጁን ሳየው ቁልፏ የለችም፤ ከጁምዓ የተመለሰው አብዲ አልጋው እንዲያልፍ ሽቦዋን ነቅሏት ነበር። ትንፋሹን ልሰማ ጎንበስ አልኩ። የአልጋው ጎማ ይጮሃል። እስከ በሩ ድረስ ጎንበስ ብዬ ሄድኩ። የሰማሁት ጎማውን ብቻ ነው።

እግሩን ቆረጡት። እሑድ ጠዋት ሞተ። ከቀትር በፊት ተቀበረ።

ይህን የምታነቡ፣ ከዚህ በኋላ የምላችሁ ብዙ የለኝም። አንዳንድ ሰው «ረቡዕ ቢቆረጥም ላይተርፍ ይችል ነበር፣ ስኳር ነው፣ ዕድሜም ነው» ይለኛል። ሊያጽናናኝ ነው። ይሆናል። እኔ የማውቀው ግን ሰውዬው መኖር ፈልጎ ሁለት ቀን በጣቱ ሲለምን እንደነበር ነው። «እኔ ሁለቴ አልቀበርም» ያለው ጤነኛው ጀማል ነበር፤ አልጋ ላይ የተኛው ሐሳቡን ቀይሮ ነበር። ሐሳቡን መቀየሩን ሲናገር እኛ የምናየው አንድ መንገድ ብቻ ነበር፤ እሱን የሠራሁት እኔ ነኝ።

ከዚያ ወዲህ ተቀይሬ እንደሆነ ትጠይቁኝ ይሆናል። ችኩልነቴ አልሄደም። አሁንም ወንበር ያቃጥለኛል። ግን ሰው «ሞክሬዋለሁ» ሲለኝ «በማን ጣት?» እላለሁ። ዕቃ ሻጭ ይስቅብኛል። እናቴም አንድ ቀን «ወጡን ቀምሼዋለሁ፣ ጨው አይጎድለውም» ስትለኝ ይህንኑ ብያት ደንግጣ አይታኛለች።

ከቁጥሯ ይልቅ የማያስተኛኝ ሌላው ነው። ቁጥር ይረሳል። አልጋው ዙሪያ ግን አምስት ሰው ነበርን። አንዱ ኦሮምኛ፣ አንዱ ሱማሊኛ፣ አንዱ የመሀል አገር አማርኛ ያወራል፤ ሁላችንም ደግሞ በቀን መቶ ጊዜ ትንፋሻችንን ስበን አዎ እንላለን። ያን ቀን ሰው አፉን ከፍቶ ሲመልስልን ሁላችንም ስክሪን ነበር የምናየው። በሽተኛ ያላችሁ፣ የማይናገር ሰው የምታስታምሙ፣ ማሽኑን ተጠቀሙበት፤ አትጣሉት፤ አምስት ወር አውርተንበታል። ግን መልሱን የምታውቁትን ጥያቄ በየጠዋቱ ጠይቁት። ስምህ እንዲህ ነው? በሉት። አይ ቢላችሁ፣ ከሱ በፊት ማሽኑን ጠርጥሩ። «እኔን ታውቀኛለህ?» ብዬ አይ ሲለኝ የሳቅኩትን ሳቅ አሁንም ጆሮዬ ውስጥ እሰማዋለሁ።

ከሁለት ወር በኋላ ሱቁ ሊዘጋ ሆነ። አብዲ ማሽኖቹን ለሚፈልግ ሰጠ። የቀረው የሱቁን ቁልፍ መመለስ ነበር፤ ሳቢያን ሄድኩ። ሐናን ግቢው ውስጥ ልብስ እያሰጣች ነበር። በለቅሶው ሰሞን ከሰው ጋር ነበር ያየኋት፤ ብቻችንን ስንገናኝ የመጀመሪያችን ነው።

«ግቢ፣ ፀሐይ ላይ አትቁሚ» አለችኝ።

ገባሁ። ሳሎኑ ውስጥ ትልቁ ኮምፒውተር በነጠላ ተሸፍኗል። ቁልፏ ከላዩ ተቀምጣለች፣ ሽቦዋ ተጠቅልሎ።

«ውሃ ላምጣልሽ?»

«አይ፣ አልቆይም።»

«ድሮስ መቼ ትቆያለሽ» አለች። ፈገግ ያለች መሰለኝ፤ አልነበረም። ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። «አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነው። ሌላ ምንም አልልሽም።»

«ጠይቂኝ።»

«የዚያን ረቡዕ፣ አባ ራሱ ይሞክረው እንዴ ስልሽ፣ ሞክሬዋለሁ አልሽኝ።»

«ብያለሁ።»

«የሱን ሕግ ታውቂያለሽ። አራት ዓመት አብረሽው ሠርተሻል። በባለቤቱ ጣት ነው የሚለውን እኔ እንኳ ከሕፃንነቴ ጀምሮ ነው የማውቀው።» ውጪ የተሰጣው ልብስ በነፋሱ ይመታ ነበር። «ዘንግተሽው ነው እያልኩ ለራሴ እነግረዋለሁ። ዘንግተሽው ነው፣ ወይስ እያወቅሽ፣ ለመሄድ ብለሽ ነው? ለመሄድ ብለሽ ነው፣ መቅዲ?»

ትንፋሼን ሳብ አደረግኩ።

ሰማችኝ።

የሱቁን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩና ወጣሁ።